የገበሬ ሣር አቋርጦ መሮጥ፦ ከእንጦጦ ማዶ የተነሳው ክርክር

ነገሩ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄና ምላሽ እየተከታተለ የተጻፈበት ውይይት፣ ማለትም ክር ነው። ክሩን የከፈተው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር የሚሮጥ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጊዜው የጥቅምት አጋማሽ ነበር። ከእንጦጦ ጫፍ ተነስተው ባሕር ዛፉን ሰንጥቀው ወደ ሰሜን ይወርዳሉ። ከዚያ ጅረት ይሻገሩና የሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወጣሉ። በዚያ ሰፊ ሣር መሃል ሲሮጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ዱላ ይዘው መጡና አስቆሟቸው። ተመለሱ አሏቸው። ልጆቹም በመጡበት ተመለሱ።

ጥያቄው ሁለት ነው። እህል ያልተዘራበት ሜዳ ላይ ቢሮጥ ማን ይጎዳል? ስንት አትሌት በገጠር ዳገትና ሜዳ ሠርቶ ስሙ በሚጠራበት አገር፣ ተራው ሯጭ ለምን ይከለከላል? በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፈው። ቅር እንዳለው ግን ያስታውቃል።

ምላሾቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ እነግራችኋለሁ። አንዳንዶቹን ቶሎ አልፋቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ላይ ግን እቆማለሁ፤ ነገሩ እኔንም ከልቤ የሚያሳስበኝ ስለሆነ።

ምላሽ 1 የጻፈው ሰንዳፋ አካባቢ የሚሮጥ ሰው ነው። ለልጁ አዘነለት። እሱም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ገበሬው መቆጣታቸው ልክ ሊሆን ይችላል ብሎ ነው የሚያምነው። ያልገባው አንድ ነገር ነው፤ በመጡበት ሲመልሷቸው ያው ሣር ሁለተኛ ጊዜ መረገጡ። ቢያሳልፏቸው ይሻል ነበር ባይ ነው።

ምላሽ 2 ክሩን ቀየረው። ጸሐፊው ሱሉልታ ተወልዶ ያደገ ነው። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ፣ ጉዳዩን ከሥሩ አስረዳ። ሜዳው ክረምቱን ውሃ የሚተኛበት ስለሆነ ብዙው መሬት ለእህል ሳይሆን ለሣር ይተዋል። ክረምቱን ሙሉ ከብት እንዳይገባበት ይጠበቃል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በማጭድ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ድርቆሽ ይሆናል። ላሞቹ በጋውን የሚያልፉት በዚያ ድርቆሽ ነው። የተረፈው ተሽጦ የቤት ወጪ ይሸፍናል። የላሞቹም ወተት በየማለዳው አዲስ አበባ ይገባል። በርካታ ሰው ሲሮጥበት ሣሩ ይተኛል። የተኛ ሣር ለማጭድ አይመችም። እርጥበት ካገኘው ደግሞ እዚያው ይበሰብሳል።

እኔ በበኩሌ ከዚህ በኋላ የመጣውን ክርክር ሁሉ የመዘንኩት በዚህ ምላሽ ነው። የከተማ ሰው አጥር የሌለው ሣር ሲያይ ባዶ መሬት ያየ ይመስለዋል። ገበሬው የሚያየው የከብቶቹን የመጋቢት ቀለብ ነው። ጥበቃው በአጥር ሳይሆን በመተዋወቅ ነው። የአካባቢው ሰው ሁሉ የማን ሣር የት እንደሚጀምር ያውቃል። የማያውቀው ከሩቅ የመጣው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የማጣራቱ ኃላፊነት የሚወድቀው በእንግዳው ላይ ነው።

ምላሽ 3 ከጠያቂው ከራሱ ነው። አመሰገነ። ታዲያ መቼ ነው የሚቻለው ሲል ጠየቀ።

ምላሽ 4 የጊዜውን ነገር መለሰ። ሣሩ ታጭዶ ከተነሳ፣ ገብሱና ስንዴው ከተሰበሰበ በኋላ ከብት ማሳው ላይ ይለቀቃል። ከብት የተለቀቀበት መሬት ላይ ሰው ቢሮጥበት የሚናገር የለም። ስለዚህ ከጥር እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ነፃ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ጨመረ። ጥቁሩ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ጫማ ላይ ተጣብቆ እግርን ያከብዳል። በሁለቱም ወቅት የከብት መንገዱ ይሻላል፤ ረግጠው ረግጠው አጠንክረውታል።

ምላሽ 5 አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሰውየው ሁሉም አስፋልት ላይ ይሩጥና ነገሩ ይለቅ ይላል። በዚህ አልስማማም። በሱሉልታ የሚያልፈው አስፋልት የጎጃም መንገድ ነው። የጭነት መኪናና አውቶቡስ የሚበርበት መንገድ ዳር ሰው እንዲሮጥ መምከር ልክ አይደለም። ለጉልበትም ቢሆን ለስላሳ መሬት ይመረጣል።

ምላሽ 6 የመጣው ከክለብ አትሌቶች ጋር ከሠራ ሰው ነው። የልምምዱን አካሄድ በደንብ ያውቀዋል። ክለቦቹ ሳምንቱን ለጫካ፣ ለኮሮኮንችና ለአስፋልት ያከፋፍሉታል። ጫካው ለቀላል ሩጫ ነው። ኮሮኮንቹ እግር ያጠነክራል። አስፋልት ላይ የሚወጣው ፍጥነት ሲፈለግ ነው። ገጠር ሲገቡ በአንድ መሪ ኋላ በሰልፍ ይሮጣሉ። መሪው ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲያይ በእጁ ያሳያል፤ ከኋላ ያለው ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ሃያ ሰው ቢሆኑም የሚረግጡት የአንድ ሰው ዱካ ነው። ቅዳሜ የሚመጡት ግን አራትም አምስትም ሆነው ጎን ለጎን፣ እያወሩ ነው የሚሮጡት። እሱ እንደሚለው ገበሬው የሚማረሩት በሩጫው ሳይሆን በዚህ ነው።

ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ከጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ ጋርም ይገናኛል። አትሌቶቹ የሚፈቀድላቸው ስማቸው ስለታወቀ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ምኑ እንደሚረገጥ፣ ምኑ እንደማይረገጥ ሳይነገራቸው ያውቃሉ።

ምላሽ 7 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ አስታወሰ። እሱም ከሕዝቡ አንዱ ስለሆነ ማንም ዱላ ይዞ ሊያስቆመው እንደማይችል ጻፈ። ገበሬውንም ስግብግብ አላቸው። ይህን ቃል ባይጠቀም በወደድኩ።

ምላሽ 8 የሕግ ሰው ናት። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ጠቀሰች። እውነት ነው፣ አንቀጹ የመሬት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ይሰጣል። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። ሰው በጉልበቱ ያፈራው ንብረትም የግሉ ነው። ሣሩን ከከብት ጠብቀው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የይዞታ ደብተሩም በእጃቸው ነው። የመንግሥት ነው ብሎ መሬቱን መርገጥ የቀበሌ ቤት ነው ብሎ የሰው ሳሎን ውስጥ እንደመግባት ነው አለች። ነገሩን በዚህ ዘጋችው።

አልዘጋም እንጂ። ምላሽ 9 ላይ ሰባተኛው ተመልሶ መጣ፤ የሕግ ባለሙያዋን ከቢሮ ወጥተሽ ሩጪና እይ አላት። ምላሽ 10 የመድረኩ አስተባባሪ ነው። ሰው ላይ መጻፍ ትታችሁ ጉዳዩ ላይ ጻፉ ብሎ ተቆጣ። ምላሽ 11 ባዶ ድጋፍ ነው፤ ለማን እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ምላሽ 12 ከእንግሊዝ ሰሜን ከሚኖር ኢትዮጵያዊ ነው። እዚያ በኮረብታና በበግ ግጦሽ ላይ የሚሮጥ ማኅበር ውስጥ ነው። በእንግሊዝ የሕዝብ የእግር መንገድ የሚባል አለ። በሰው ማሳ መሃል የሚያልፍ፣ ካርታ ላይ የሰፈረ መንገድ ነው። ገበሬው ሲያርስ መንገዱን ቢያጠፋው በ14 ቀን ውስጥ መልሶ ማበጀት አለበት። ማሳ አቋርጦ የሚያልፈው ስፋቱ ከ1 ሜትር ማነስ የለበትም። ሯጩም በተራው ግዴታ አለበት። ከመስመሩ አይወጣም። የከፈተውን በር ይዘጋል፤ ክፍት ያገኘውን ክፍት ይተወዋል። ውሻ ይዞ ከመጣ በጎች አጠገብ በገመድ ይይዘዋል። ስኮትላንድ ደግሞ ሌላ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ሰው በአብዛኛው መሬት ላይ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። ሰብል ያለበትን ማሳ ግን ያስቀራል። የሚያስቀረው ሰብል ውስጥ ለድርቆሽ ያደገ ረጅም ሣርም አለበት።

የመጨረሻውን ሳነብ ደስ አለኝ። ሱሉልታ ያሉት አዛውንት በዱላ ያሉትን ስኮትላንድ በሕግ ጽፋዋለች።

ምላሽ 13 ግን ተበሳጨ። ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ሁሉን ነገር ከፈረንጅ ጋር ማወዳደር ይወዳሉ አለ። ምላሽ 14 ለእሱ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጥሩ ልምድ ከየትም ቢመጣ ምን ችግር አለው የሚል። ጠቡ እዚህ ላይ በረደ።

ምላሽ 15 መፍትሔ ያገኘ መስሎት መጣ። ማሳ ውስጥ አትግቡ፣ በድንበሩ ላይ ሩጡ፤ እርከን ካለም እርከኑ ላይ ሩጡ አለ። ብዙ ሰው ወደደለት። ምላሽ 16 የግብርና ባለሙያ ነው። አስቆመው። እርከን የተሠራው ጎርፍ እንዲይዝና አፈር እንዳይሸረሸር ነው። ገበሬዎቹ በጋ ላይ ለተፋሰስ ሥራ ወጥተው፣ በጉልበታቸው ቆፍረው ያቆሙት ነው። አናቱ ላይ ሲሮጥበት ይደረመሳል። ክረምት ሲገባ ውሃው የተደረመሰችውን ቦታ ፈልጎ ያገኛታል። ከዚያ ቦረቦር ይከፈታል። አንድ ማሳ ላይ የጀመረ ቦረቦር ከታች ያለውን ጎረቤት ሁሉ ይደርሳል። በድንበሩ ላይ ያለው ሣርም ባለቤት አለው፤ ብዙ ጊዜ ለጥጃ የሚታጨድ ነው። የእሱ ምክር አጭር ነው። የእግር መንገድና የከብት መንገድ ብቻ። የተፈለገው ከሌለ ዞሮ መሄድ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አሁን ዳገት ላይ እርከን ሳይ እግሬ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ምላሽ 17 ሴት ሯጭ ናት። ከመንገዱ ጉዳይ ወጣ ያለ ነገር ጻፈች፤ ግን ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው የእሷ ነው። ከተማ ውስጥ ስትሮጥ ለከፋ አላስቆም አላስቀምጥ ይላታል። እንጦጦን አልፋ ወደ ገጠሩ ስትወርድ ይቆማል። ገበያ የሚሄዱ እናቶች በርቺ ይሏታል። እረኛ ልጆች በኮንጎ ጫማ አብረዋት ይሮጣሉ፤ ዳገት ላይ ይቀድሟታል። ኦሮምኛ ስለማትችል መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ ታልፍ ነበር። አሁን አካም ጅርቱ ብላ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ስታልፍ ገለቶማ ትላለች። ሰላምታ ከጀመረች ወዲህ ያስቆማት የለም። እንዲያውም አንዲት እናት የተሻለውን መንገድ ይዘው አሳይተዋታል። የምትፈራው ውሻ ብቻ ነው። ለዚህም ብቻዋን አትወጣም።

ቁጥር 2 ላይ የጻፈው የሱሉልታ ልጅ በምላሽ 18 አመሰገናት። ሰላምታ ሳይሰጡ በሰው ደጅ ማለፍ በአካባቢው ነውር እንደሆነ ነገራት። የልጆቹ ሩጫ ገበሬውን ያስቆጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብሎም ገመተ። ሰላም ሳይሉ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ነበር የሚያልፉት።

ውሻ ሲነሳ ክሩ መስመር ለቀቀ። ምላሽ 19 ውሻ ሲመጣ እንዳትሮጡ፣ ቁሙና ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ ይላል። ይህን ሁሉም አበሻ ያውቀዋል። ምላሽ 20 ግን ከነከሰ የአካባቢ መድኃኒት አዋቂ ጋ መሄድ ይበቃል አለ። ምላሽ 21 የጤና ባለሙያ ነው፤ በቁጣ ነው የመለሰው። ቁጣው ተገቢ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር። ነገ እሄዳለሁ አይባልም። ከክሩ ሁሉ አንድ ምላሽ ብቻ የሚነበብ ቢሆን ይሄ ይሁን እላለሁ።

ምላሽ 22 ስለ ጅብ ነው። እንጦጦ ጫካ ሳይነጋ የሚገቡ ሯጮች እንደሚያዩት ሁሉም ያውቃል። ምላሽ 23 ሲነጋ ግቡ አለ፤ ሌላ የሚጨመር የለውም።

ምላሽ 24 አንድ የቆዩ የአትሌቲክስ ወዳጅ ናቸው፤ ጋሼ ይሏቸዋል። ክሩን ወደ አገር አቋራጭ ውድድር ወሰዱት። ደራርቱ ቱሉ በ1995 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ደርሃም ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ስታሸንፍ፣ አቴንስ አየር ማረፊያ ያለ እንቅልፍ ቆይታ፣ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነበር የደረሰችው። ቀነኒሳ በቀለ ከ2002 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት ወሰደ። በ2008 ረጅሙን ደገመ። በግል 11 ወርቅ ማለት ነው። ጋሼ ይህን የጻፉት ለትዝታ አይደለም። ነጥባቸው አገር አቋራጭ ከመሠረቱ የእርሻና የኮረብታ ሩጫ መሆኑ ነው። በ2023 አውስትራሊያ ባተርስት ላይ ውድድሩ የወይን እርሻ መሃል ያልፍ ነበር። ለተሰንበት ግደይ ጥቂት ሜትር ሲቀራት የወደቀችው እዚያ ነው። ሰው ስለደገፋት ውጤቷ ተሰረዘ። ያን ቀን የተሰማቸውን ኀዘን በዝርዝር ጻፉ። ብዙ ሰው ከሥሩ አብሯቸው አዘነ፤ እስከ ምላሽ 28 ስለ እሷ ብቻ ነው የተወራው።

ምላሽ 29 ወደ መሬቱ መለሰን፤ ቃሉ መራራ ነው። ጸሐፊው የገበሬውና የሯጩ ጠብ የት እንደሚያደርስ ጠየቀ። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ በየዓመቱ መጋዘንና ፋብሪካ፣ ቤትና አጥር እየሆኑ ነው። ቆርቆሮ የታጠረበት ሜዳ ላይ ሣርም አይታጨድም፣ ሩጫም አይሮጥም። እሱ የሚሮጥበት የነበረው የከብት መንገድ ግንብ ላይ ደርሶ ይቆማል። ስለዚህ ሯጩ ገበሬውን እንደ ከልካይ ማየት ይተው አለ። መሬቱን ክፍት አድርጎ ያቆየው እስካሁን ገበሬው ነው።

በዚህ ቃል በቃል እስማማለሁ። እንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚያይ ሰው ለውጡ ግልጽ ነው። ክለቦቹ ራሳቸው ለረጅም ሩጫ ከበፊቱ ራቅ ብለው ለመሄድ ይገደዳሉ።

ምላሽ 30 ለገበሬዎቹ በየወሩ ገንዘብ ይዋጣ የሚል ሐሳብ አመጣ። ምላሽ 31 ተቃወመ፤ አንዴ ክፍያ ከተጀመረ ገንዘብ የሌለው እረኛና ተማሪ ሯጭ መንገድ ያጣል። ይልቅ ከሩጫ በኋላ ከአካባቢው ወተትና እርጎ ግዙ፤ በሶአችሁን እዚያ በጥብጡ አለ። ምላሽ 32 ስለ በሶ አዘገጃጀት ብቻ ነው። ማር ይግባበት አይግባበት የሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተከራከሩ፤ አልፌዋለሁ።

ምላሽ 34 ላይ ጠያቂው ተመለሰ። ከሱሉልታው ልጅ ጋር በግል ተገናኝተው፣ አብረው ሄደው አዛውንቱን አነጋግረዋል። አባታችን ቡና አፍልተው ተቀብለዋቸዋል። በመጡበት የመለሷቸው ለምን እንደሆነም ነገሯቸው። ከፊት ለፊት ያለው ሣር የአንዲት አቅመ ደካማ ጎረቤታቸው ነው። የራሳቸው ሁለቴ ቢረገጥ ይሻላቸዋል። የምላሽ 1 ጥያቄ በዚህ መልስ አገኘ። ከዚያ ከወንዙ ዳር የሚሄደውን የከብት መንገድ አሳዩዋቸው። ዳገቱን በትንሹ ይዞራል፤ ርቀቱ ይጨምራል። ሣሩ ተከምሮ ሲያልቅ ደግሞ በሜዳው መሃል ማለፍ እንደሚችሉ ፈቀዱ።

ደስ ብሎት የመንገዱን ካርታ ከስትራቫ፣ ሩጫ ከሚመዘግበው የስልክ መተግበሪያ፣ አውጥቶ ከሥሩ ለጠፈ። ሁሉም ይሩጥበት ብሎ ነው።

ምላሽ 35 ከሱሉልታው ልጅ ነው። ካርታውን እንዲያነሳው ለመነው። ፈቃድ ያገኙት ስድስት ልጆች ናቸው። ካርታው ከተበተነ ስልኩን እያየ የሚመጣው ሰው ብዛት አይታወቅም። ካርታው ደግሞ ሣሩ ታጭዷል ወይስ አልታጨደም አይናገርም። ምላሽ 36 ተቃወመ፤ መንገድ የሚደበቅ ነገር አይደለም አለ። ምላሽ 37 መካከለኛ ሐሳብ ነበረው፤ ከጥር በኋላ ይለጠፍ የሚል። ጠያቂው ካርታውን አነሳ። መሮጥ የሚፈልግ ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ ማርያም ደጅ ይምጣና አብረን እንውረድ ሲል ጻፈ። ከሥሩ ሰው መመዝገብ ጀምሯል። ሰባተኛውም ተመዝግቧል።